ብሌንን ለማምጣት ኮልፌ የሄድኩባቸው አምስት ቀናት

ከአዲስ አበባው ኮልፌ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወልቂጤ ገብቷል፤ የገባው ግን ተጣሞ ነው። ልጅቷን ያመጣት አቶ ግዛቸው ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ስልክ ነው ያመጣት የሚሉም አሉ። እኔን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሄድኩበት ሰኞ እስከ ተመለስኩበት ዓርብ ያለውን በየቀኑ ጻፍኩት። ኮልፌን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ ሴቶች ታነቡታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስማችሁን ሳልጠራ ራሳችሁን ታገኙበታላችሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። ብሌን የልጄ የጽጌ ልጅ ናት። ጽጌ አዲስ አበባ ሥራ ስታገኝ በስምንት ወሯ ለእኔ ሰጠችኝና አሳደግኋት። ወረቀት አልተጻፈም። አያት የልጅ ልጇን ስትወስድ ማን ወረቀት ይጽፋል? ስድስት ዓመት ሲሞላት ጽጌ መጣችና አንደኛ ክፍል አዲስ አበባ ትማር ብላ ወሰደቻት። ተጣላን። ስትደውል አላነሳሁም፤ ቆይታ እሷም መደወሉን ተወችው። በዚህ መሀል ጽጌን መኪና ገጫት። ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ቤት ያከራየቻት ሴት ብሌንን ፖሊስ ጣቢያ ወሰደቻት፤ ከዚያ ሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። በመጀመሪያው ችሎት ለእኛ የቆመ ሰው አልነበረም። መጥሪያው የተለጠፈው ማንም በሌለበት የኪራይ ክፍል በር ላይ ነው። መዝገቡ ላይ «የቅርብ ዘመድ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ስሰማ ልጅቷ ለአደራ ቤተሰብ፣ ማለት ለማላውቃቸው ባልና ሚስት፣ እንድትሰጥ ሐሙስ የሚወሰንበት ቀጠሮ ነበራት።

ይህን የነገረችኝ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ጠበቃ ናት። ጽጌ ነፍሷን ስታውቅ ስልኬን ሰጠቻት። ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚቆም ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

ሰኞ ማለዳ ከወልቂጤ ተነሳሁ። የሚኒባሱ መስኮት አይዘጋም፤ ነጠላዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ስለ ጉዳዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ የቤቴን ነገር መንገድ ላይ የምዘራ ሴት አይደለሁም። ከወሊሶ አለፍ እንዳልን ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት ብዬ የማይሆን ነገር ነካሁ መሰለኝ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ መኪናውን ሞላው። «ለወይዘሮ አስካለ የተላከ መልእክት። በሕፃን ብሌን ጉዳይ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለዎት። መልእክቱን ከሰሙ አንድን ይጫኑ።» የቢሮው ማሽን ነው፤ ማንበብ ለማይችል ቤተሰብም እንዲደርስ ቀጠሮን በድምፅ ይልካል። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ ማጥፋት ነው ያልቻልኩት። አንድ እስኪጫን ድረስ ይደግመዋል። ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ቀበርኩት። ከነጠላው ውስጥም ተናገረ።

በሦስተኛው ላይ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ አንድን ይጫኑ ነው'ኮ የሚሉዎት። ይጫኑላትና ትረፍ፣ ደከማት» አለ።

ሰው ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ዞራ ስልኩን ተቀበለችኝ፣ ተጫነችው፣ ከዚያ ልጅቷ የማን እንደሆነች ጠየቀች። ስልኬን ተቀብዬ ነጠላዬ ውስጥ መለስኩት። ሌላው ስለ እህቱ ልጅ አወራ፤ ሌላዋ ሐሙስ ዳኛ ፊት ምን እንደምል መከረችኝ። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ ግማሹን ነግሬያቸው ነበር፤ ሰበታ ስንደርስ የቀረውን። አየር ጤና ስንወርድ ያቺው ሴት ሻንጣዬን ይዛ የቤቴል ታክሲ ድረስ አደረሰችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ይኼ ይቆጨኛል።

አየር ጤናን ላላያችሁ፣ የእኛን መናኸሪያ በገበያ ቀን አስቡና አሥር እጥፍ አድርጉት። እኛ ጋ ጡሩምባ የሚነፋው ባጃጅ ብቻ ነው። እዚያ ጋራዡም ሱቁም ረዳቱም ይጮሃል። መንገዱን ለመሻገር አንድ ፖሊስ እጄን ያዘኝ። እጄን ከያዘኝ ወንድ ጋር ከተሻገርኩ ስንት ዘመኔ።

ያረፍኩት ዘይነባ ቤት ነው። ዘይነባ ማለት ጽጌን ያከራየቻት፣ ብሌንንም ፖሊስ ጣቢያ የወሰደችው ሴት ናት። ሌላ ማረፊያ አልነበረኝም። የምነግራትን ቃል ከወልቂጤ ጀምሬ ሳሰናዳ ነው የመጣሁት፤ ለመርዛማነቱ ምስክር አያስፈልገውም ነበር። በሩ ተከፈተና ገባሁ። ደረጃው ላይ የብሌን ጥቁር ጫማ ተቀምጧል፤ ተቦርሾ ያብረቀርቃል።

ዘይነባ ዓይኔን ተከትላ አየችና፣ «በየሳምንቱ እቦርሸዋለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «አቧራ ለብሶ እንዳታገኘው ብዬ።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እናትየዋ ትነሳ አትነሳ አልታወቀም፣ የዘመድ ስልክ የለም፣ ሰው የማን ልጅ ደበቅሽ ይለኛል ብላ ፈራች። ብሌን የጣቢያው በር ላይ ቀሚሷን አልለቅም ብላት እንደነበር ስትነግረኝ ፊቷን አዞረች። ይቅር አልኳት አልልም። ቃሌን ግን አላወጣሁትም።

ማታ ሽሮና ጥቅል ጎመን አቀረበች። ቤቷ ሥጋ እንዳለ ከሽታው አውቄያለሁ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የየራሳችንን እንዳንበላ ሥጋውን ለነገ አሳድራ ከአንድ ትሪ በላን። እኛ ከተማም እንዲህ የሚያደርጉ ጎረቤቶች ነበሩኝ። አሁን ያሉት ያድርጉ አያድርጉ እነሱ ያውቃሉ። ባኞ ቤቷ ሙቅ ውኃ አለው፤ እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ ቤቴል ወደ ሰላማዊት ቢሮ ሄድኩ። ከአንድ ክሊኒክ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። እኔ የማውቀው የጠበቃ ነገር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውና በሲባጎ የታሰረ ፋይል ነው። ከዓመታት በፊት በይዞታ ጉዳይ የቆመልኝ ጠበቃ ችሎት ፊት ስሜን ጠየቀኝ። ዳኛው እያዩ። ይኼን ሰው አልጠራውም፤ ዛሬም በሠፈራችን ሲያልፍ ኮቱን ያስተካክላል።

ሰላማዊት ከሚዜነት የወጣች የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት። ልትሸነፍ ነው ብዬ አዘንኩ። ከዚያ ሰሌዳ የመሰለ ስልክ ፊቴ አቆመች። የእኛ ጉዳይ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር፤ መቼ መጥሪያ ወጣ፣ የት ተለጠፈ፣ ማን ምን ጻፈ። ሌሎች አርባ ቤተሰቦችም እንዳሏት ነገረችኝ፤ የማንን ቀጠሮ እንደረሳች ጠየቅኋት።

«ልረሳ ብልም አይለቀኝም፣ እማማ» አለች። «እርስዎን አንድ ይጫኑ እንዳለ፣ እኔንም እስክጫን ይጨቀጭቀኛል።»

በጎን በኩል የማስረጃ ዝርዝር አለ። የተገኘው አረንጓዴ፣ ያልተገኘው ቀይ ነው። የክትባት ካርዷ አረንጓዴ፤ የክርስትና ወረቀቷም እንዲሁ። ከአንድ ዓመት እስከ ስድስት ዓመቷ ያለው ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። መዋዕለ ሕፃናቷ ከተዘጋ ቆይቷል፣ መዝገቡንም ማን እንደወሰደው አይታወቅም። የማሳደጊያው ባለሙያ በሪፖርቷ፣ ልጅቷ ከአያቷ ጋር መኖሯን የሚያሳይ ነገር የለም፣ አያትየዋም አንድ ዓመት ሙሉ አልደወሉም ብላ ጽፋለች። አለመደወሌ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ያናደደኝ።

«ሌላ ሰው በጊዜው የጻፈው፣ የእርስዎና የብሌን ስም አብሮ ያለበት ወረቀት አለ? ምንም ይሁን» አለችኝ።

የለም አልኳት።

ዋሸሁ። ነበር። ግን የውርደቴ ወረቀት ነው፤ ለዚች ልጅ አላሳያትም ብዬ ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ጽጌን አየኋት። እግሯ በብረት ታስሯል። ጠባችንን አላነሳንም። ያመጣሁላትን በሶ በጠበጥኩላት፣ ጠጣች። ስወጣ፣ «እኔ እስክነሳ አንቺ ውሰጃት፣ እማዬ» አለች። ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ሲመጣ እንዳሰብኩት አልጣፈጠኝም።

ረቡዕ ዘነበወርቅ በኩል ወዳለው ማሳደጊያ ሄድኩ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ክፉ አይደሉም፤ ይህን የምለው ሐቅ ስለሆነ ነው። አንድ ሰዓት ተፈቀደልኝ። ባለሙያዋ ደብተር ይዛ ማዶ ተቀመጠች።

ብሌን አድጋለች። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። ጨብጣኝ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እንደ እንግዳ። በሶ ትወድ ነበርና ጭብጦ ሠርቼላት ነበር፤ ግማሹን በልታ ግማሹን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ባለሙያዋ ጻፈች። እኔ ጥያቄ አላውቅም፤ ትምህርት፣ እንቅልፍ፣ ምናምን ጠየቅሁ። አዎ፣ አዎ ብቻ አለች። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ አሁንም ጋሽ ግዛቸው ሲመጡ መንገድ እንሻገራለን?»

 አየር ጤና ድረስ በታክሲ ስመለስ ፌርማታዬን አለፍኩት፤ በእግሬ ተመለስኩ።

ግዛቸው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ የማያውቅ ቢኖር፣ የዕድራችን ጸሐፊ ነው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ። አብሮ አደግ ስለሆንን አንተና አንቺ እንባባላለን። ከአራት ዓመት በፊት ብሌን የቤቴ ሰው ሆና ዕድሩ መዝገብ ላይ ትጻፍ ብዬ ጠየቅሁ። በደንባችን የሚመዘገበው ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ ነው። እናቷ በሕይወት አለች፣ እናቷ ባለችበት ትመዝገብ ብሎ ግዛቸው ተቃወመኝ። ብሌንን እጇን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ሦስት ዓመቷ ነው። ተጯጯህን፤ እጅ ወጣ፣ ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ መዋጮዬን በጎረቤት እልካለሁ እንጂ ስብሰባ አልረገጥኩም። ግዛቸውን መንገድ ላይ ሳየው እሻገራለሁ። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል፤ የሚይዘው እሱ ነው።

ዘይነባ ቤት ደርሼ ለሰላማዊት ደወልኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «እማማ፣ እኔ አራት ወረቀት ስፈልግ እርስዎ አንድ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል» አለች። ለግዛቸው እንድትደውልለት አልኳት። ደወለችለት፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መልሳ ደወለችልኝ። የዕድር ጽሑፍ አባል ካልጠየቀ ለውጭ ሰው አይወጣም ብሏታል። እውነቱን ነው፤ ደንቡን ያወጣነው አብረን ነው። አባሏ እኔ ነኝ።

ዘይነባ የግዛቸውን ቁጥር ደውላ ስልኩን ሰጠችኝና ከክፍሉ ወጣች።

«ማን ልበል?» አለ።

«አስካለ ነኝ።»

«የትኛዋ አስካለ?»

ያውቀዋል። አራት ዓመት የጠበቀው ጥያቄ ነው።

«መንገድ የምሻገርህ» አልኩት።

 ከዚያ ብሌን የት እንዳለች ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ሰላማዊት ያለችኝን ስነግረው፣ የትኛው ገጽ እንደሚፈለግ፣ ገጹን ማን ፎቶ እንደሚያነሳ፣ በምስል ለመመስከር በከተማችን ፍርድ ቤት በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ብቻ ጻፈ፤ ብዕሩ ሲሄድ ይሰማኛል። ሰላማዊት ያቺኑ ማታ ገጾቹን ተቀብላ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ አስገባቻቸው። ቀዩ መስመር አረንጓዴ ሲሆን የሚያሳይ ፎቶ ላከችልኝ። ዘይነባ አጉልታ አሳየችኝ።

ሐሙስ ከሦስት ሰዓት በፊት ችሎት ደረስን። ዘይነባ ሱቋን ዘግታ መጣች። ግድግዳው ላይ ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። በአንዱ ክፍሉ ጽጌ ከሆስፒታል አልጋዋ ታየች፤ ነርሷ ስልኩን ይዛላታለች። በሌላው ክፍል የወልቂጤ ፍርድ ቤት ወንበር ባዶውን ታየ። እኔ ስጠብቀው የነበረው ሁሉ የዚያን ወንበር ባለቤት ነበር። እዚህ ድረስ አምጥቶ ይጥለኛል ብዬ አሰብኩ። እንዲያ ብላችሁ አትፍረዱብኝ፤ እናንተም ታስቡት ነበር።

ከዚያ ግዛቸው ገባ። ክራቫት አስሯል። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በፎጣ ጠቅልሎ ነበር፤ ሲፈታው ዳኛዋ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ሊምል እጁን ሲያነሳ ምስሉ ቆመ፣ አፉን እንደከፈተ። ሰው ሁሉ ተጨነቀ። እኔ እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ ሆኖ ሳየው ጥቂት ደስ ብሎኛል። ኔትወርኩ ተመለሰና ማለ።

ዳኛዋ ገጹን እንዲያነብ ጠየቁት። ድምፁ አሁንም የክፍል ድምፅ ነው። የራሱን ንግግር እንዳለ አነበበ፦ «ወይዘሮ አስካለ ደንብ የማይገባት ግትር ሴት ናት፤ የሌላ ሰው ልጅ አምጥታ ታስመዘግባለች።» እዚያ ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። ዳኛዋ ከፍ አድርገው ያንብቡ አሉት። ከፍ አድርጎ ደገመው። ለአራት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

ቀጥሎ የእኔን አነበበ። እኔ ያልኩትን ረስቼዋለሁ። እሱ ቃል በቃል ጽፎታል። «ወይዘሮ አስካለ ሲመልሱ፦ ይህቺ ልጅ በእኔ ጡት አልጠባችም እንጂ በእኔ እጅ ነው የቆመችው። ብትሞትብኝ የምቀብራት እኔ ነኝ። ስትሞት የእኔ ከሆነች፣ በሕይወት እያለች የማን ናት?»

ጽጌ ፕላዝማው ውስጥ ፊቷን በአንሶላ ሸፈነች።

የማሳደጊያው ባለሙያ ተነሥታ፣ ገጹ አሁን ለጉዳዩ ሲባል የተጻፈ እንዳልሆነ ምን ያሳያል ብላ ጠየቀች። ሥራዋ ነው፤ ግን ሰውየውን አታውቀውም። ግዛቸው መነጽሩን አወለቀ።

«ገጹ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። የተገኙት ሁሉ ፈርመዋል» አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ከፈረሙት ሁለቱን ቀብረናቸዋል። የሞቱበት ቀንም እዚሁ መዝገብ ላይ አለ። ሙታንን አስነሥቼ አላስፈርምም።»

 ሰላማዊት ቀጥላ ተናገረች፤ ያቺ ቀጭን ልጅ። የተናገረችው አጭር ነበር፣ ስሜንም አልሳተችም። መጥሪያው የተለጠፈበትን በርና ማንም እንዳልነበረ፣ ዘመድ አልተገኘም የተባለው ዘመድ ስላልተፈለገ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ በቀኑ አሳየች። ዳኛዋ እኔንም ጠየቁኝ፤ ለምን ዓመት ሙሉ አልደወልኩም። ኩራት ነው አልኳቸው። ሌላ ምክንያት ላመጣ እችል ነበር።

ብሌን እናቷ እስክትድን ከእኔ ጋር እንድትኖር ወሰኑ። በየወሩ በስልክ ምስል እንድንቀርብና ከእናቷ ጋር እንድትገናኝ አዘዙ። በእኛ ዘመን ትእዛዝ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ለመድረስ ሳምንት በተላላኪ ይዞር ነበር። ይኼኛው እኛ ደረጃውን ሳንጨርስ ማሳደጊያው ደርሷል። ሰው ስልኩ አመጣት የሚለው ይህን ሰምቶ ነው። ስልኩ አላመጣትም። ስልኩ ያደረገው ያልነገርኩትን ቦታ ቀይ አድርጎ ማሳየት ነው። የሞላሁት እኔ ነኝ፤ የሞላሁትም አራት ዓመት ቀድሜ፣ ማንም ሳያጨበጭብልኝ ቆሜ በተናገርኩት ነው።

ዓርብ ጠዋት ዘይነባ ጥቁሩን ጫማ ይዛ አብራኝ ሄደች። ጠቦባታል። ብሌን ተረከዙን ረግጣ እንደ ሸበጥ አደረገችው፤ አላወልቅም አለች። ዘይነባ አለቀሰች፤ እኔ ጫማውን አየሁ። መናኸሪያ ስንለያይ ያዘጋጀሁትን ቃል አስታወስኩ፤ በእሱ ፈንታ፣ «ለመስቀል ወልቂጤ ነይ፤ ላንቺ የሚሆን አሳርጄ አስቀምጣለሁ» አልኳት። የራሷን ሃይማኖት አራጅ ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል። ስንመለስ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ብሌን አንድን ተጫነችው።

እሑድ ብሌንን ይዤ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ገባሁ። አራት ዓመት ያልረገጥኩት ደጃፍ ነው። የሚያንሾካሹኩትን አየኋቸው፤ አልፌ ግዛቸው ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። እናመሰግናለን የሚባል ነገር ከእኔ አልወጣም፣ እሱም አልጠበቀም።

«ጽሑፍህ ፕላዝማ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል» አልኩት።

«እርሳስ ሳይሆን ብዕር ስለምጠቀም ነው» አለ፤ ግን ክራቫት የሌለበትን አንገቱን ነካ ነካ አደረገ።

ደንቡ በፍርድ ቤት የተሰጠን ልጅ መመዝገብ ይከለክላል ወይ ብሎ ጉባኤውን ጠየቀ። ይከለክላል ያለ የለም። በእኔ ስም ሥር ያለውን ባዶ መስመር አወጣና ብዕሩን አነሳ። «ማን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

ብዕሩን ከእጁ ወስጄ ለብሌን ሰጠኋት። ምላሷን በጎደሉት ጥርሶቿ መሀል አውጥታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ጻፈችው። «ን» ከመስመሩ ወጥታ ከታች ያለው የጎረቤታችን ስም ላይ ወደቀች። ሠላሳ ዓመት የልጅ ደብተር በቀይ ሲያርም የኖረው ግዛቸው አየና ማኅተሙን አጠገቡ መታበት።